ሸረሪቱ ወፏን በልቶ ነበር፦ ስለ ሴት የተፈጥሮ ሠዓሊዎች ለተሰራጨው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፉት ሳምንታት አንድ ረጅም ጽሑፍ ከአንዱ የቴሌግራም ቻናል ወደ ሌላው ሲዘዋወር ሰንብቷል። የሚናገረው ከአሥራ ሰባተኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ዕፅዋትን፣ ነፍሳትንና ወፎችን ለሳይንስ መጻሕፍት ስለ ሳሉ የአውሮፓ ሴቶች ነው። እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ሦስት ወዳጆቼ በአንድ ሳምንት ውስጥ ላኩልኝ፤ ሁለቱ «ደፍሮ የተናገረ ተገኘ» ብለው፣ አንዷ ደግሞ «አንተ የሥነ ሕይወት አስተማሪ ነህ፤ ምን ትላለህ?» ብላ። ጽሑፉ በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊውም ለማንበብ የደከሙ ሰው መሆናቸው ይታያል። ስለዚህ ከስድብም ከጭብጨባም ይልቅ ነጥብ በነጥብ የሆነ መልስ ይገባቸዋል። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

በቅድሚያ የጽሑፉን ሐሳብ ሳላጣምም ላስቀምጥ። ጸሐፊው በዋናነት አምስት ነገር ይላሉ። እነዚህ ሴቶች ብሩሽ ያነሡት ሙያ ብለው ሳይሆን የባለጸጋ ቤት ልጆች እንደ መሆናቸው ለጊዜ ማሳለፊያ ነው። ሥራቸውም ቢሆን መቅዳት ነው፤ ያሰበው፣ የለየውና ስም ያወጣው ወንዱ ሊቅ ሲሆን ሴቲቱ እጇን ብቻ ነው ያዋጣችው። ከመካከላቸው ታላቅ የምትባለው ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን እንኳ ወፍ የሚበላ ሸረሪት የሳለች፣ ተረትን ከእውነት ያልለየች ሴት ናት። ድርሻቸው ቁም ነገር ቢሆን ኖሮ ስማቸው በመጻሕፍቱ ላይ ይገኝ ነበር። ዛሬ የሚሰጣቸው ክብር ደግሞ የዘመናችን ፋሽን ነው፤ በዘመናቸው ማንም ከቁጥር አላስገባቸውም። ጽሑፉ የሚዘጋውም «ከእነዚህ ሴቶች አንዷ ያገኘችውን አንድ እውነት አሳዩኝ» በሚል ግብዣ ነው።

ስለ ጊዜ ማሳለፊያው ከምቀበለው ልጀምር። በአሥራ ስምንተኛውና በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት አበባ መሳል ከጥልፍና ከፒያኖ ጋር ለባለጸጋ ልጃገረዶች የሚሰጥ ትምህርት እንደ ነበር እውነት ነው፤ በዚያ መንገድ የተሳለው አብዛኛው ሥዕልም ከቤተሰብ አልበም አልወጣም። በለንደን ኪው የዕፅዋት ማዕከል ውስጥ ከ800 በላይ ሥዕሎቿ አንድ አዳራሽ ሙሉ የያዙት ማሪያን ኖርዝም የምክር ቤት አባል ልጅ ነበረች፤ ዓለምን የዞረችው በውርስ ገንዘብ ነው፤ በ1882 የተከፈተውን አዳራሽም ያሠራችው ከራሷ ኪስ ነው። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር እንስማማለን።

ይሁን እንጂ ጸሐፊው ኤልሳቤጥ ብላክዌልን አላነሡም፤ ቢያነሡ ኖሮ ይህ ነጥብ አይቆምላቸውም ነበር። የዚህች ሴት ባል አሌክሳንደር በዕዳ ምክንያት ለንደን ውስጥ ታስሮ ነበር። እርሷም በቼልሲ የመድኃኒት ዕፅዋት አትክልት ስፍራ አጠገብ ቤት ተከራይታ፣ ተክሎቹን በሕይወት እንዳሉ እየተመለከተች፣ ከ1737 እስከ 1739 ድረስ 500 ሥዕሎች ያሉት የመድኃኒት ዕፅዋት መጽሐፍ አወጣች። ሥዕሎቹ በየሳምንቱ አራት አራት ሆነው ይታተሙ ነበር። በዚያ ዘመን አንዱ ይስላል፣ ሌላው በመዳብ ሰሌዳ ላይ ይቀርጻል፣ ሦስተኛው የታተመውን ወረቀት በእጁ ቀለም ይቀባል፤ ለሦስቱም ለየብቻ ይከፈላል። ብላክዌል ሦስቱንም ራሷ ሠራቻቸው፤ ባገኘችው ገንዘብም ባሏን ከእስር አስፈታች። የተክሎቹን ስም በልዩ ልዩ ቋንቋዎች በማዘጋጀት እርሱም ከእስር ቤት ሆኖ እንደረዳት መካድ አይገባም። ነገር ግን በየሳምንቱ አራት የመዳብ ሰሌዳ ማስረከብ ያለባትን የእስረኛ ሚስት «ጊዜዋን አሳለፈች» ማለት ለቋንቋውም ይከብደዋል።

ፓሪስ ውስጥ ማድሌን ባስፖርት ክሎድ ኦብሪዬን ተክታ የንጉሡ አትክልት ስፍራ ሠዓሊ ሆነች፤ በ1780 እስክትሞት ድረስም በዚያው ሹመት ላይ ነበረች። በኪው ደግሞ ማቲልዳ ስሚዝ ከ1878 ጀምሮ ከአርባ ዓመት በላይ ለአንድ የዕፅዋት መጽሔት ብቻ ከ2,300 በላይ ሥዕሎች አዘጋጅታለች። በዚህ ላይ አንድ ጥያቄ አለኝ። የራስ ሀብት ኖሮት ያለ ደመወዝ ተፈጥሮን የሚመረምር ሰው «ጊዜ አሳላፊ» ከሆነ፣ በቢግል መርከብ ላይ ያለ ደመወዝ የተጓዘውንና ዕድሜውን በሙሉ በቤተሰቡ ሀብት የኖረውን ቻርልስ ዳርዊንን ጸሐፊው የት ሊያስቀምጡት ነው? መለኪያው አንድ ከሆነ ለሁለቱም ይሥራ።

«መቅዳት ነው» የሚለው ነጥብ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው፣ የሥዕል ወዳጅ የሆነውም ጭምር፣ እንዲሁ ያስባል። እኔም አስብ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በመስከረም፣ ለተማሪዎቼ አደይ አበባን በሰሌዳ ላይ ልስልላቸው ተነሣሁ። አደይ አበባን የማያውቅ የለም፤ ልጆች በልጅነታችን ለእንቁጣጣሽ ወረቀት ላይ የምንስለው እርሱን ነው፦ መሐሉ ክብ፣ ዙሪያው ቢጫ ቅጠል። እኔም እንደዚያው ሳልሁ። አንዲት ተማሪ ከግቢ የቀጠፈችውን አበባ በእጅ ማጉያ እያየች «መሐሉ ክብ አይደለም፤ ብዙ ትናንሽ አበባ ነው» አለችኝ። ልክ ነበረች። አደይ አበባ አንድ አበባ አይደለም፤ የብዙ አበቦች ጉባኤ ነው። ከዳር ያለው እያንዳንዱ ቢጫ ቅጠል የሚመስል ነገር ራሱን የቻለ አንድ አበባ ሲሆን፣ መሐሉ ደግሞ ተራ በተራ የሚፈኩ ኢምንት አበቦች የታጨቁበት ነው። እኔ ይህን ለዓመታት በቃል አስተምሬዋለሁ፤ ስስል ግን የሳልሁት የማውቀውን ሳይሆን የለመድሁትን ነበር።

የሳይንስ ሠዓሊ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ዐይን የለመደውን ትቶ ያለውን ማየት አለበት፤ ቀጥሎም ካለው ውስጥ የቱ የዝርያው መለያ፣ የቱ ደግሞ የዚያ አንድ ቅንጣት ተክል ጉድለት እንደ ሆነ መለየት አለበት፤ በትል የተበላ ቅጠል ይሳል ወይስ አይሳል? ማቲልዳ ስሚዝ የምትታወቅበት ሙያ ደግሞ ከዚህም የከበደ ነው። ከሩቅ አገር በወረቀት መካከል ተጨፍልቆ፣ ደርቆና ቀለሙ ወደ ቡናማ ተለውጦ የመጣ ተክል ይሰጣታል፤ እርሷም ጠፍጣፋውን ገለባ እንደገና አቁማ፣ ቅጠሉ ወዴት ይዘነበል እንደ ነበር፣ አበባው ምን ያህል ይከፈት እንደ ነበር አስልታ መሳል ነበረባት። የተክሉን አካል አሠራር የማያውቅ ሰው ይህን አይችለውም። ከሌለ ነገር ላይ «መቅዳት» እንዴት እንደሚቻል ጸሐፊው ቢያስረዱን ደስ ይለኛል። ካሜራ በየኪሱ ባለበት በዚህ ዘመን እንኳ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት የሚዘረዝሩት ትልልቅ ጥራዞች በቀለም ብዕር በተሠሩ መስመራዊ ሥዕሎች የተሞሉበት ምክንያትም ይኸው ነው። ፎቶግራፍ አንዱን ተክል በአንድ ቀን ያሳያል፤ ሥዕሉ ግን አበባውን፣ ፍሬውን፣ ዘሩንና የተሰነጠቀ ማሕፀኑን በአንድ ገጽ ላይ ይሰበስባል።

ወፎችን የምትስለው ኤልሳቤጥ ጉልድም በዚህ ረድፍ ናት። ሊቶግራፊ የሚባለው የድንጋይ ኅትመት ሠዓሊው በቅባታም እርሳስ በለሰለሰ ድንጋይ ላይ ሁሉንም ነገር ገልብጦ እንዲስል ያስገድዳል፤ በወረቀቱ ላይ ወደ ቀኝ የምታይ ወፍ በድንጋዩ ላይ ወደ ግራ ማየት አለባት። ኤልሳቤጥ በ1841 ስምንተኛ ልጇን ወልዳ በ37 ዓመቷ እስክትሞት ድረስ ከ600 በላይ ሥዕሎችን በዚህ መንገድ ሠርታለች፤ ዳርዊን ከጉዞው ያመጣቸው ወፎች የታተሙባቸው 50 ሥዕሎችም ከእነርሱ መካከል ናቸው። ዳርዊን ያመጣቸው የጋላፓጎስ ደሴቶች ወፎች ዘመዳሞች መሆናቸውን የለየው ባሏ ጆን ጉልድ እንጂ እርሷ እንዳልሆነች እቀበላለሁ። ነገር ግን የአንዷ ወፍ መንቆር ከሌላዋ በምን ያህል እንደሚወፍር አንባቢው በዐይኑ ያየው በእርሷ ድንጋይ ነው፤ እዚያ ላይ አንዲት መስመር ብትሳሳት ስለ ወፎቹ ዝምድና የሚደረገው ክርክር ሁሉ በተበላሸ ነበር።

አሁን ወደ ሸረሪቱ እንምጣ፤ ጸሐፊውም ብዙ ቀለም ያፈሰሱበት ነው።

ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን በ1647 ፍራንክፈርት ውስጥ ተወለደች። አባቷ የታወቀ የመዳብ ቅርጽ ባለሙያና አሳታሚ፣ ከእርሱ ሞት በኋላ ያሳደጋት እንጀራ አባቷም የአበባ ሠዓሊ ነበሩ። በ13 ዓመቷ የሐር ትል ማርባት ጀመረች፤ ከዚያም ያገኘችውን አባጨጓሬ ሁሉ በሣጥን እያኖረች፣ የሚበላውን ቅጠል እየፈለገች እየመገበች፣ መቼ ቆዳውን እንደሚለውጥ፣ መቼ በሽፋኑ ተጠቅልሎ እንደሚተኛ፣ ምን ሆኖ እንደሚወጣ ትመዘግብ ነበር። በ1679 ያወጣችው የአባጨጓሬ መጽሐፍ 50 ሥዕሎች አሉት። ከእርሷ በፊት በነበሩት መጻሕፍት ውስጥ ነፍሳት የሚታዩት ሱቅ ውስጥ እንደ ተደረደረ ሸቀጥ በረድፍ ሆነው ነው፤ በእርሷ ገጽ ላይ ግን ነፍሳቱ በሚመገበው ተክል ላይ፣ ከእንቁላል እስከ ክንፍ ድረስ ያለ ሕይወቱ በአንድነት ይገኛል። በ1699፣ በ52 ዓመቷ፣ ሥዕሎቿን ሸጣ ባገኘችው ገንዘብ ከታናሽ ልጇ ከዶሮቴያ ጋር በደቡብ አሜሪካ ወደምትገኘው የሆላንድ ቅኝ ግዛት ሱሪናም ተሻገረች። ሁለት ዓመት ሠርታ ስትታመም ተመለሰች። 60 ሥዕሎች ያሉት የሱሪናም መጽሐፏ በ1705 አምስተርዳም ውስጥ ታተመ።

ወፍ የሚበላው ሸረሪት ያለው በዚህ መጽሐፍ በ18ኛው ሥዕል ላይ ነው። የዘይቱን ቅርንጫፍ ነው፤ ጓቫ የምንለው ፍሬ። ቅጠሎቹን ጉንዳኖች በልተው ወንፊት አድርገዋቸዋል፤ አንዳንዶቹ ጉንዳኖች ከአንዱ ቅርንጫፍ ወደ ሌላው ለመሻገር እርስ በርስ ተያይዘው ድልድይ ሠርተዋል። ከታች በኩል አንድ ጠጉራም ትልቅ ሸረሪት ሃሚንግበርድ የምትባለውን ኢምንት ወፍ ከጎጆዋ አጠገብ በጀርባዋ አስተኝቶ ይመገባታል። ሥዕሉ ያስደነግጣል፤ ማስደንገጡ ግን ሐሰት አያደርገውም።

ጸሐፊው «በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት የነበሩ ሊቃውንት ሐሰት መሆኑን አጋልጠዋል» ይላሉ። ስም አልጠሩም፤ እኔ ልጥራላቸው። በ1834 በታተመ ጽሑፉ ሜሪያንን ያብጠለጠላት በካሪቢያን ደሴት ይኖር የነበረ ላንስዳውን ጊልዲንግ የተባለ ቄስ ነው። ጊልዲንግ ሱሪናምን በዐይኑ አይቶ አያውቅም። «አላየሁም» እና «የለም» የሚሉትን ሁለት ነገሮች አንድ አድርጎ ነበር የጻፈው፤ ጸሐፊውም ያንኑ ወስደው ደገሙት። ታሪኩ ግን በ1834 አላበቃም። ሄንሪ ዋልተር ቤትስ የተባለው እንግሊዛዊ ተመራማሪ በአማዞን አካባቢ 11 ዓመት ኖሮ በ1863 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ፣ አንድ ትልቅ ጠጉራም ሸረሪት ሁለት ትናንሽ ወፎችን ይዞ፣ አንዷ ሞታ ሌላዋ እያጣጣረች፣ በዐይኑ ማየቱን ጻፈ። እንዲህ ያሉ ሸረሪቶች አልፎ አልፎ ወፍ እንደሚበሉ ዛሬ የሚያከራክር አይደለም። በዚህ ላይ ጸሐፊው ያላስተዋሉት አንድ ነገር አለ፦ ለእንስሳትና ለዕፅዋት ሳይንሳዊ ስም የሚሰጥበትን ሥርዓት የዘረጋው ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ በ1758 ለዚህ ሸረሪት «አቪኩላሪያ» የሚል ስም ሲያወጣለት የሜሪያንን ሥዕል ጠቅሶ ነው። «አቪኩላ» በላቲን ትንሽ ወፍ ማለት ነው። ተረት ነው የተባለው ነገር የእንስሳው ሳይንሳዊ ስም ሆኖ እስከ ዛሬ አለ።

ሜሪያን አልተሳሳተችም እያልሁ አይደለም። እንዲህ ያሉ ሸረሪቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚበሉት ነፍሳትን ነው፤ ወፍ መብላታቸው ብርቅ ሆኖ ሳለ እርሷ የዘወትር ልማድ አስመስላዋለች። በዚያው ሥዕል ላይ ቅጠል የሚቆርጡትንና እርስ በርስ ተያይዘው ድልድይ የሚሠሩትን ሁለት ዓይነት ጉንዳኖች እንደ አንድ ቆጥራቸዋለች። ከዚህ የከፋም አለ፦ በሌላ ሥዕል ላይ የአንዱ ነፍሳት ጭንቅላት ከሌላው አካል ጋር የተገጠመበት ፍጥረት ሥላለች፤ ፋኖስ ዝንብ የተባለው ነፍሳት በሌሊት እንደሚያበራም ጽፋለች፤ አያበራም። ጸሐፊው ይህን ቢያገኙት ኖሮ ከሸረሪቱ የተሻለ ማስረጃ ይሆናቸው ነበር። ይሁንና የሚያበራውን ዝንብ ሊኒየስም አምኖ ተቀብሎ ስሙን ከፋኖስ አውጥቶለታል። ሊኒየስ ራሱ ደግሞ ጨረባ የሚባሉት ወፎች ክረምቱን በሐይቅ ውስጥ ጠልቀው ያሳልፋሉ ብሎ ያምን ነበር፤ በዚህ ምክንያት ግን የሳይንስ አባትነቱን የቀማው ሰው የለም። ወንዱ ሲሳሳት የዘመኑ ዕውቀት ወሰን ነው ይባልለታል፤ ሴቲቱ ስትሳሳት ግን ተረት አውሪ ትሆናለች። እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ማሳሰቢያ ልጨምር፦ በ1719 የወጣው ኅትመት 72 ሥዕሎች አሉት፤ 12ቱ ከሞተች በኋላ ሌሎች የጨመሯቸው ናቸው። ስሕተት የሚቆጥርባት ሰው የትኛውን ኅትመት እንደ ያዘ በቅድሚያ ያረጋግጥ።

«ስማቸው በመጻሕፍቱ ላይ ይገኝ ነበር» የተባለውን በተመለከተ ሁለት መልስ አለኝ። የመጀመሪያው አጭር ነው፦ ስማቸው አለ። የብላክዌልም የሜሪያንም መጽሐፍ በራሳቸው ስም ነው የወጣው። እንግሊዛዊው ሐኪም ማርቲን ሊስተር ከ1685 ጀምሮ ባሳተመው፣ ከአንድ ሺህ በላይ የመዳብ ሰሌዳ በፈጀው የዛጎል መጽሐፍ ላይም ሥዕሎቹን የሠሩት ልጆቹ ሱዛናና አና መሆናቸው ተጽፏል፤ ሥራው ሲጀመር ሁለቱም ገና ታዳጊዎች ነበሩ። በኤልሳቤጥ ጉልድ የመጀመሪያ የወፎች መጽሐፍ ሥዕሎች ግርጌ የሚነበበው የእርሷ ስም ብቻ ነው፤ በኋለኞቹ ላይ ግን የባሏ ስም ከፊት ገብቶ «ጄ እና ኢ ጉልድ» ይሆናል፤ በድንጋዩ ላይ የሚስለው እጅ ያው የእርሷ ሆኖ ሳለ። በድንጋዩ ላይ ያልሳለው ሰው ስም ከሳለችው ፊት እንዴት እንደሚገባ ለማየት ከዚህ ግልጽ የሆነ ምሳሌ አያስፈልግም።

ሁለተኛው መልስ ለእኛ ቅርብ ነው። ጄምስ ብሩስ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ሠዓሊ ቀጥሮ ነበር። ባሉጋኒ ከብሩስ ጋር እስከ ጊሽ ዓባይ ደርሷል፤ ዕፅዋቱንና ወፎቹን ስሏል፤ በ1771 ጎንደር ውስጥ ሞቶ ቀረ። ብሩስ በ1790 መጽሐፉን ሲያሳትም፣ እኛ ሁላችን የምናውቀው ኮሶ ጭምር ያለበትን የዚያን ሠዓሊ ሥራ የራሱ እጅ ሥራ አስመስሎ አቀረበው። ባሉጋኒ ወንድ ነው። ስለዚህ ስም መቅበር በሴቶች ላይ ብቻ የደረሰ በደል አይደለም፤ በተቀጠረ እጅ ላይ ሁሉ የደረሰ ነው፤ በዚህ ጉዳይ የእኔ ወገን የሆኑ አንዳንድ ጸሐፍት ነገሩን የሴቶች ብቻ አድርገው ማቅረባቸው ልክ አይደለም። ይህን የማነሣው ግን የጸሐፊውን ነጥብ ለመደገፍ አይደለም፤ ለማፍረስ ነው። የባሉጋኒ ስም አለመኖሩ ድርሻው ትንሽ መሆኑን ካላሳየ፣ የሴቶቹም አለመኖር አያሳይም። ስሙ የጎደለው ሥራው ስላነሰ ሳይሆን መጽሐፉን ያሳተመው ሌላ ሰው ስለ ሆነ ነው።

ከዚህም ሌላ ሜሪያንን ራሷን ነጻ የማያደርግ ነገር አለ። በሱሪናም ጫካ ውስጥ መንገድ እየመነጠሩ፣ ተክል ከነሥሩ እየነቀሉ፣ አባጨጓሬ እየለቀሙ ያመጡላት በባርነት የተያዙ አፍሪካውያንና የአገሩ ተወላጆች ነበሩ። አንዲት የአገሩ ተወላጅ ሴትም ከእርሷ ጋር ወደ አምስተርዳም ሄዳለች። ሜሪያን እርዳታቸውን በጽሑፏ አልደበቀችም፤ ስማቸውን ግን አልጻፈችውም።

«በዘመናቸው ማንም ከቁጥር አላስገባቸውም» ለሚለው ብዙ መሄድ አያስፈልግም። የብላክዌልን መጽሐፍ የለንደን ሐኪሞች በፊርማቸው መስክረውለት ወጥቷል፤ ከዚያም ኑርምበርግ ውስጥ ተስፋፍቶ ዳግም ታትሟል። ሊኒየስ የሜሪያንን ሥዕሎች ከመቶ ጊዜ በላይ ጠቅሷል። በጥር 1717 ሜሪያን በሞተች ቀን የሩሲያው ንጉሥ ታላቁ ጴጥሮስ ወኪል ሥዕሎቿን ገዝቶላቸዋል፤ ልጇ ዶሮቴያም ኋላ ሴንት ፒተርስበርግ ሄዳ ለሩሲያ የሳይንስ አካዳሚ ሠርታለች። የዚያ ዘመን ሰዎች ዋጋቸውን ያውቁ ነበር። የረሳቸው ከዚያ በኋላ የመጣው፣ ሳይንስን በማኅበርና በዲፕሎማ ያጠረው ትውልድ ነው፤ ጸሐፊውም የዚያን ትውልድ መርሳት የጥንቱ ፍርድ አድርገው ወስደውታል።

ፋሽኑን በተመለከተ ግን በከፊል እውነት አላቸው። ዛሬ በየገጹ የሚለጠፈው ሁሉ እውነት አይደለም። «ቢራቢሮ ከአባጨጓሬ እንደምትወጣ መጀመሪያ ያወቀችው ሜሪያን ናት» ይባላል፤ አይደለም፤ ሆላንዳዊው ስዋመርዳም በ1669 ስለ ነፍሳት መለዋወጥ አሳትሟል፤ የሐር ትል የሚያረቡ ሰዎችማ ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ስለ እንጉዳይ ሥዕሎቿ የምትወደሰው ቢያትሪክስ ፖተርም እንዲሁ ናት። በ1897 ስለ እንጉዳይ ዘር አበቃቀል የጻፈችው ጥናት ለንደን በሚገኘው የሊኒየስ ማኅበር ስብሰባ ላይ ሴት መግባት ስለማትችል በሌላ ሰው እጅ ቀርቦላታል። «ጥናቷን ጣሉባት» ተብሎ የሚዞረው ወሬ ግን ልክ አይደለም፤ ጥናቱን የመለሰችው ራሷ ናት። ማኅበሩ ሴቶችን በአባልነት የተቀበለው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። እውነቱ ብቻውን በቂ ሆኖ ሳለ የሚጨምሩበት ሰዎች እንደ ጸሐፊው ላሉ ተጠራጣሪዎች በር ይከፍታሉ።

«አንድ እውነት አሳዩኝ» ለተባለው ሦስት ላቅርብ። አንደኛ፣ ብዙው አባጨጓሬ የሚበላው የተወሰነ ቅጠል እንዳለውና ያ ቅጠል ከጠፋ እንደሚሞት በሥርዓት መዝግበው በሥዕል ካሳዩት ቀዳሚዎች አንዷ ሜሪያን ናት፤ ዛሬ በነፍሳትና በዕፅዋት መካከል ስላለው ግንኙነት የሚያጠና ተማሪ ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሁለተኛ፣ ቢራቢሮ ትወጣለች ብላ ከምትጠብቅበት ሽፋን አንዳንድ ጊዜ ዝንብ ወይም ተርብ የሚመስል ነገር ሲወጣ አልጣለችውም፤ ስላ በመጽሐፏ አስገባችው። ምክንያቱን አላወቀችም፤ በአባጨጓሬው አካል ውስጥ እንቁላል የሚጥሉ ሌሎች ነፍሳት መኖራቸው የተብራራው በኋላ ነው። ያልገባትን ነገር ግን ያየችውን አለመደበቋ ከብዙ ሊቃውንት ይለያታል።

ሦስተኛው በሱሪናም መጽሐፏ በ45ኛው ሥዕል ላይ ነው። አበባው ቀይና ቢጫ ነው፤ ከአጠገቡ አባጨጓሬና የእሳት ራት አሉ። ከሥዕሉ ጋር ያለው ጽሑፍ እንደሚለው በሆላንዳውያን ጌቶቻቸው የሚሠቃዩ ሴቶች ባሮች ልጆቻቸው እንደ እነርሱ ባሪያ ሆነው እንዳይወለዱ በማለት በዚህ ተክል ዘር ፅንሳቸውን ያስወርዳሉ። ከዚያ ቀጥላ ይህን የነገሯት ራሳቸው ሴቶቹ መሆናቸውን፣ ከአፋቸው መስማቷን ጻፈች።